የባሕር ጃርቱ አንገት የት ነው?

የጊዮርጊስ ቁልቁለት ነጋዴዎችና ነዋሪዎች መረዳጃ ዕድር
የኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 7 ቀን 1951 ዓ.ም.

ቦታ፦ ፒያሳ፣ በወ/ሮ ሰገነት ምግብ ቤት የኋላ ክፍል። ዕድሩ የራሱ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ለሁላችንም የሚበቃ ወንበር ያለውም እዚህ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ተከሳሿ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ እንዲከሰሱ ግድ ሆኗል።

ሰዓት፦ የተጠራነው ለስምንት ሰዓት ነበር። የተጀመረው ሰብሳቢው ሲመጡ ነው።

የተገኙ፦

ባላምባራስ ገነነ፣ የዕድሩ ዳኛና ሰብሳቢ። ዕለቱ የጊዮርጊስ በዓል ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በየቤቱ ተጋብዘው በመጠኑ ዘግይተዋል፤ በመጠኑም ሞቅ ብሏቸዋል።
ሐጂ ኑሪ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ የአቡጀዲ ነጋዴ።
ወ/ሮ ተሾመች፣ የዕድሩ ድስቶች ኃላፊ።
አቶ ነጋሽ፣ ተቆጣጣሪ። ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚያስተምሩ መምህር።
አቶ ፈቀደ፣ አባልና ከሳሽ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት የእርሳቸው ነው።
ወ/ሮ ሰገነት፣ አባልና ተከሳሽ።
ካሳዬ፣ ጸሐፊ። ይኸውም እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ በመቅረቴ፣ በሌለሁበት በሙሉ ድምፅ ተመርጫለሁ።

ያልተገኙ፦ አቶ አጽብሐ። አቶ አጽብሐ ባለፈው ሰኔ አርፈው በዚሁ ዕድር በክብር ተቀብረዋል። ሆኖም ከኮሚቴው መሰናበታቸውን በጽሑፍ ስላላሳወቁ «ያለ ፈቃድ የቀሩ» ተብለው ተመዝግበዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ሰባት ሰው ይጠይቃል። ተከሳሿ ይውጡልን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወ/ሮ ሰገነት ወጡ። ሲወጡ ስድስት ሆንን። ስለዚህ ተመልሰው ገብተው እንዲከሰሱ በትሕትና ተለመኑ። ተመለሱ፤ እግረ መንገዳቸውንም ዳቦ ይዘው ገቡ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ከክፍሉ በላይ፣ በጣውላው ፎቅ ላይ፣ የወ/ሮ ሰገነት እናት እማማ ወይንሸት ከክረምት ጀምሮ ታመው ተኝተዋል። የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ወለሉን በከዘራ ይመታሉ። በዚህ ቃለ ጉባኤ «ከላይ ተመታ» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ የእርሳቸው ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ጸሐፊ መዝገቡን ይዘው ድሬዳዋ ስለገቡ፣ ቃለ ጉባኤው እያንዳንዱ አባል እንደሚያስታውሰው ሆኖ ጸድቋል።

አጀንዳ ሁለት፦ በወ/ሮ ሰገነት ላይ የቀረበ አቤቱታ

አቶ ፈቀደ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አመለከቱ። ካለፈው ዓርብ ወዲህ ወ/ሮ ሰገነት ለጣልያኖችና ለግሪኮች አንድ ከምጽዋ የመጣ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን እሾህ የሆነ ነገር ያቀርባሉ። ፈረንጆቹ «ሪቾ» ይሉታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ የባሕር ጃርት ይለዋል። ጥሬውን በማንኪያ እየዛቁ ይበሉታል። በልተውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ እንዴት ሊያዩ እንደቻሉ ተጠየቁ። በመስኮቱ በኩል፣ በቢራ ሳጥን ላይ ቆመው፣ ለዕድሩ ክብር ሲሉ እንዳዩ መለሱ። አቤቱታቸውም ከገበያ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ማንም ሳይጠይቃቸው ደጋግመው አረጋገጡ። ሐጂ ኑሪ በበኩላቸው የአቶ ፈቀደ ምግብ ቤት ከዓርብ ወዲህ ጭር ብሎ ማየታቸውን፣ ይህም ከአቤቱታው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ተናገሩ።

ሰብሳቢው የደንቡን አንቀጽ ሰባት እንዳነብ አዘዙኝ፤ አነበብኩ። ዕድራችን ክርስቲያኑንም እስላሙንም የያዘ ስለሆነ ለለቅሶ ሁለት ቢላና ሁለት ድስት አለው። ሥጋ የሚያቀርብ አባል በማን ቢላ፣ በምን ስም እንደታረደ ያስታውቃል። በአንዱም ሆነ በሌላው ሳይታረድ ያቀረበ ከዕድሩ ይሰረዛል። የተሰረዘ አባል ቤት ሰው ቢሞት ድንኳን አይተከልም፣ ቃሬዛ አይነሣም፣ ለቅሶ አይደረስም። ይህን ደንብ ስንጽፍ ባሕርን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ባሕሩም ያኔ ገና የእኛ አልነበረም።

ሁለቱም ድስቶች የሚቀመጡት በወ/ሮ ሰገነት ጓዳ ነው። ወ/ሮ ተሾመች ይህ ትዝ ሲላቸው ከወንበራቸው ዘልለው ተነሥተው «በየትኛው ድስት ነው የቀቀልሽው? የኛን ነው የነሐጂን?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ሰገነት «በማንም ድስት። ጥሬውን ነው የሚበላው ተባለ እኮ» ብለው መለሱ። ይህ መልስ ነገሩን ያቀልላል ብለው አስበው ከነበረ ተሳስተዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ ነገሩ ራሱ ቀርቦ እንዲታይ ተወሰነ።

ስለ ቀረበው ነገር

አቶ በርሄ ትልቅ ሳፋ ተሸክመው ገቡ። አቶ በርሄ የወ/ሮ ሰገነት ሟች ባለቤት የአቶ ደበሳይ የወንድም ልጅ ናቸው። ምጽዋ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠራሉ፤ ዓርብ ዕለት ከአስመራ በአውሮፕላን ነው የመጡት። ኮት በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስለ ባሕር የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ እንደሆኑ ገና ሳይቀመጡ አስታወቁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያውቁትን ባይነግሩን ኖሮ ለአክስታቸው ይሻል ነበር።

ጸሐፊው ያየውን እንዲጽፍ ታዘዘ። ያየሁት ይህ ነው። ሳፋው በጀሪካን የመጣ የባሕር ውሃ ይዟል። በውሃው ውስጥ ብርቱካን የሚያካክሉ ሰባት ድቡልቡል ነገሮች አሉ። ገላቸው ጥቁር፣ እሾሃቸው አጭርና ነጣ ያለ ነው፤ ልብስ ሰፊ መርፌውን የሚሰካበትን ትራስ ይመስላሉ። ልዩነቱ መርፌዎቹ መንቀሳቀሳቸው ነው፤ ሁሉም በየፊናው ይወዛወዛል። በእሾሁ መሀል ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ብዙ እግሮች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ያገኘውን ይዞ ይጣበቃል። ስምንተኛው ለብቻው በባልዲ ነበር። እርሱ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ የሚያህል ረጅም፣ የጠቆረ እሾህ ያለው ሲሆን፣ ለምግብ ሳይሆን ለማሳየት የመጣ እንደሆነ አቶ በርሄ ገለጹ።

ሰብሳቢው «ፊቱን ወደዚህ አዙረው» ሲሉ አዘዙ። አቶ በርሄ ፊት እንደሌለው አስረዱ። «እንግዲያው ጀርባውን ሰጥቶኛል ማለት ነው» አሉ ሰብሳቢው። ጀርባም እንደሌለው ተነገራቸው። አቶ ነጋሽ በመሀል ገብተው፣ ፍጡሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሆነ ንቀት አለመኖሩን ለማስረዳት ሞከሩ። ከብዙ ውይይት በኋላ በሰብሳቢው በኩል ያለው ጎን ፊቱ ነው ተብሎ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔው እየተጻፈ ሳለ ፍጡሩ ወደ ሐጂ ኑሪ ሄደ።

ሰብሳቢው ሳይዞር እንዴት እንደሄደ ጠየቁ። አቶ በርሄ በሁሉም በኩል እግር ስላለው መዞር እንደማያስፈልገው፣ እግሮቹን የሚያንቀሳቅሰውም ወደ ውስጡ የሚያስገባው የባሕር ውሃ እንደሆነ ተናገሩ።

«ማነው የሚመራው?»

«ማንም አይመራውም ባላምባራስ። ራስ የለውም።»

ሰብሳቢው ራስ የሌለው አካል ሊራመድ እንደማይችል፣ ቢራመድም ከዚህ ክፍል ውጪ ሊወራ እንደማይገባ አጥብቀው አሳሰቡ። በሩ ተዘጋ።

ስለ አኗኗሩ ተጠይቀው አቶ በርሄ የሚከተለውን አስረዱ። የሚኖረው በባሕር ውስጥ በድንጋይና በዛጎል አለት ላይ ነው። አፉ ከሥሩ ነው፤ አምስት ጥርስ አለው፤ በእነርሱ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ ይበላል። ከወገኖቹም ድንጋዩን እስከ መቦርቦር የሚደርሱ አሉ። የበላውን የሚያስወግደው ግን በላይ በኩል ነው። አቶ ፈቀደ «አናቱ ላይ?» ሲሉ ጠየቁ። «አናት ቢኖረው አናቱ ላይ» ተብሎ ተመለሰላቸው። ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ሳቁ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዘዙ፤ ትእዛዙ እነሆ ገብቷል። አቶ ነጋሽ ከታች እየበላ ወደ ላይ የሚያስወግድ አንድ መሥሪያ ቤት እንደሚያውቁ ተናገሩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም እንዳይጠቀስ ተከለከለ። ስሙ ባለመጠቀሱም ሁሉም የየራሱን እያሰበ ተስማማ።

ቀጥለውም አቶ በርሄ፣ ቀን በአለት ስንጥቅ ተደብቆ እንደሚውልና ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ እንደሆነ ገለጹ። አቶ ፈቀደ «ቀን ተደብቆ ማታ የሚወጣ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ለአራዳ ሰው አይነገረውም» ብለው ይህ ለክሱ ተጨማሪ ሆኖ እንዲያዝ ጠየቁ። ተያዘ።

ጠላት አለው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አንድ ዓሣ አለ፤ መጥቶ ውሃ በአፉ እየነፋ ይገለብጠዋል፤ ከተገለበጠ በኋላ እሾሁ አጭር በሆነበት በሆዱ በኩል ይበላዋል፤ ተባለ። ወ/ሮ ሰገነት ዳቦ እየቆረሱ ነበር፤ እጃቸውን አቁመው ወደ አቶ ፈቀደ ተመለከቱ። አቶ ፈቀደ ጣራውን ተመለከቱ። ከላይ ተመታ።

ስለ ቆርኪው

በዚህ መሀል ከፍጡሮቹ አንዱ ሳፋው ውስጥ የወደቀ የቢራ ቆርኪ በቀጫጭን እግሮቹ አንሥቶ በላዩ ላይ ደፋ። አቶ በርሄ በባሕርም ቢሆን ዛጎል፣ ጠጠርና ቅጠል እየለቀመ ከፀሐይ ለመከለል እንደሚለብስ አስረዱ። ሰብሳቢው ግን በዕድር ዳኛ ፊት ባርኔጣ አድርጎ መቅረብ የተለመደ እንዳልሆነ ገልጸው እንዲያወልቅ አዘዙ። አቶ በርሄ አወለቁለት። ፍጡሩ ፈልጎ መልሶ አደረገ። እንደገና ተወለቀ፤ እንደገና አደረገ። አቶ ነጋሽ ራስ የሌለው ፍጡር ባርኔጣ አድርጓል ሊባል እንደማይችል የሕግ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢውም የራሳቸውን ባርኔጣ አስተካክለው ነገሩን በትዕግሥት አለፉት።

ስለ አንገቱ

ሰብሳቢው ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ አሉ። ቢላ የሚያርፈው አንገት ላይ ነው፤ ስለዚህ በአንቀጽ ሰባት መሠረት አንገቱ ይታይ።

ሐጂ ኑሪ ከባሕር የወጣ ነገር በእነርሱ ዘንድ ቢላ እንደማይጠይቅ፣ ስለዚህ በእስላሙ በኩል ክርክር እንደሌለ ተናግረው ተቀመጡ። ሰብሳቢው የዕድሩ ግማሽ በአንድ አረፍተ ነገር ተገላግሎ ሌላው ግማሽ እስኪመሽ መቀመጡ ከእኩልነት ጋር የማይስማማ መሆኑን ገልጸው፣ ሐጂ ኑሪ ለወንድማማችነት ሲሉ ትንሽ ችግር እንዲጨምሩ ጠየቁ። ሐጂ ኑሪ እንደሚያስቡበት መለሱ።

ወ/ሮ ተሾመች በክርስቲያኑ በኩል ዓሣ ዓሣ የሚሆነው ክንፍና ቅርፊት ሲኖረው መሆኑን አስረዱ። ምናልባት እሾሁ እንደ ክንፍ ይቆጠር ይሆን ወይ የሚል ሐሳብ ከአቶ ነጋሽ ቀረበ። አቶ ፈቀደ «እሾህ ክንፍ ቢሆን ኖሮ የኔ አጥር እስካሁን እንጦጦ ላይ አርፎ ነበር» ብለው ተቃወሙ። ሐሳቡ ወደቀ።

እንግዲህ አንገቱ የግድ አለ ወይም የለም መባል ስላለበት ሰብሳቢው በእጃቸው ሊፈልጉ ተነሡ። ያመሩትም ወደ ባልዲው ነበር። አቶ በርሄ «ባላምባራስ፣ ያኛውን አይንኩት፣ እለምንዎታለሁ» አሉ። ሰብሳቢው «እኔን ንካ አትንካ የሚል ገና አልተወለደም» ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። ረጅሙ እሾህ ገብቶ ውስጥ ተሰበረ። ሰብሳቢው የተናገሩት ቃል ሴቶች ስለነበሩ አልተመዘገበም። አቶ በርሄ በምጽዋ ለዚህ የሚደረገውን መድኃኒት ገለጹ፤ የመድኃኒቱም ዓይነት ሴቶች ስለነበሩ አልተመዘገበም። ሰብሳቢው ግን በቁማቸው ማንም በጣታቸው ላይ ያንን እንደማያደርግ አስታወቁ። ወ/ሮ ሰገነት ሙቅ ውሃና ሎሚ አምጥተው፣ ተንበርክከው፣ የዳኛቸውን ጣት አጠቡ።

ጣታቸው እየታጠበ ሳለ ሰብሳቢው የሚከተለውን ውሳኔ ለድምፅ አቀረቡ።

ውሳኔ፦ ፍጡሩ አንገት የለውም። አንገት ከሌለው አልታረደም። ስለዚህ ይህን ያቀረበ ከዕድሩ ተሰርዟል። ወ/ሮ ተሾመች ፍርዱ ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይመስል «የበላም» የሚል ቃል እንዲጨመር ጠይቀው ተጨምሯል። ሐጂ ኑሪ አልተስማሙም ነበር፤ ነገር ግን ዳኛው እየደሙ ስለነበር ለሰላም ሲሉ እጃቸውን አነሡ። ወ/ሮ ሰገነትም እጃቸውን አነሡ። ያነሡት ለመናገር ነበር፤ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልፏል።

ከዚያ በኋላ ወ/ሮ ሰገነት እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። የተናገሩትን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

«ባላምባራስ፣ ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የአቶ አጽብሐን ለቅሶ እዚህ ቤት ነው ያበሰልኩት። ተሾመች፣ እህትሽ የሞተች ጊዜ ማን ነበር አጠገብሽ? እናቴ እዚች ላይ ናት፣ ትሰሙዋታላችሁ። ነገ ብትሞትብኝ ማን ነው የሚያነሣልኝ? ፈረንጆቹ ናቸው? የበርሄን ዓሣ ሰምታችኋል። እኔንም እንዲሁ ነው የገለበጣችሁኝ።»

 ጸሐፊው እጁን ከወረቀቱ አነሣ፤ እጄን አንሥቼ ከደገፉት አንዱ ነበርኩና አፈርኩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሐዘናቸው የገባቸው መሆኑን ገልጸው፣ አቤቱታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ መከሯቸው። ከላይ ተመታ። ወ/ሮ ሰገነት ለእናታቸው ውሃ ወስደው ተመለሱ።

አቶ ነጋሽ ተከሳሿ ከተሰረዙ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚጎድልና የሰረዛቸው ውሳኔ ራሱ እንደሚፈርስ አሳሰቡ። ስለዚህ የተሰረዙት ከስብሰባው ፍጻሜ ጀምሮ እንዲሆን፣ እስከዚያው ግን እንደ አባል እንዲያስተናግዱን ተወሰነ።

ስለ ማስረጃው

አቶ ነጋሽ በዚህ አላበቁም። ነገሩ ምግብ ስለመሆኑ ያለን ማስረጃ በቢራ ሳጥን ላይ የቆመ አንድ ሰው ምስክርነት ብቻ እንደሆነ፣ ምናልባትም ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል፣ ድንጋይ ያቀረበ ሰው ደግሞ በአንቀጽ ሰባት እንደማይጠየቅ ተከራከሩ። ነገ ይግባኝ ቢባል እንዋረዳለን አሉ። ጸሐፊው እንደሚገምተው አቶ ነጋሽ ወ/ሮ ሰገነትን ማዳን ፈልገው ነበር። ሰብሳቢው ግን ውሳኔያቸው እንዲጠነክር ብለው፣ አባላት ለምስክርነት ያህል እንዲቀምሱ አዘዙ። መቅመሱ ለመብላት እንዳልሆነ በግልጽ ተነግሯል።

አቶ በርሄ በመቀስ ከፈቱት። ከውስጡ አምስት ቢጫ ምላሶች እንደ ኮከብ ተደርድረው ተገኙ። ይህ እንቁላሉ ነው ተባለ።

አቶ ፈቀደ እንደ ከሳሽ ቀዳሚ ሆኑ። ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንዳገኙ ተጠይቀው፣ ከአንድ ማንኪያ ምንም ማለት እንደማይቻል መለሱ፤ ሁለተኛ ቀመሱ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር መስማማቱን ለማረጋገጥ ሌላ ጨመሩ። ወ/ሮ ተሾመች የጨው ውሃ ያለፈበት የእንቁላል አስኳል እንደሚመስል መስክረው ዳቦ ጠየቁ። ሐጂ ኑሪ መጨረሻው ላይ ጣፋጭ ነው አሉ፤ እንዲያውም በባሕር ንግድ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት የእነርሱ ወገኖች ስለሆኑ ነገሩ የእስላሙ ነው አሉ። ወ/ሮ ተሾመች ምጽዋ ላይ ክርስቲያን የለም ወይ ብለው ተቆጡ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ማንም ያልፈለገው ፍጡር አሁን ሁለት ወገን ተገኘለት። አቶ ነጋሽ ለትምህርት ያህል ቀመሱ። ጸሐፊው ለቃለ ጉባኤው ትክክለኛነት ሲባል ቀምሷል፤ የዚህ ገጽ ጠርዝ የወዛውም በዚሁ ነው። ወ/ሮ ሰገነት የእንግዳ ደንብ ነውና የመጨረሻዋን ማንኪያ ቀምሰው ሳሕኑን አነሡ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ሰባት ባዶ ቅርፊቶች ብቻ ቀሩ። ምግብ መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ።

ሰብሳቢው ውሳኔው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲነበብ አዘዙ። ተነሥቼ «ይህን ያቀረበም የበላም ከዕድሩ ተሰርዟል» ብዬ አነበብኩ።

 ወ/ሮ ተሾመች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሰብሳቢው ፈጥነው እርሳቸው ምንም እንዳልቀመሱ፣ ስለዚህ ብቸኛው የዕድሩ አባል እንደሆኑ አስታወቁ። አቶ ፈቀደ ተቃወሙ፤ «ባላምባራስ፣ እርስዎም ውስጥ ገብቷል እኮ፣ ጣትዎን ይዩት» አሉ። ደንቡ በአፍ ይሁን በሌላ መንገድ ለይቶ እንዳላስቀመጠ ተረጋገጠ። ከብዙ ውይይት በኋላ ሰብሳቢው በጣት በኩል እንደበሉ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

አቶ ነጋሽ የተገኙትንና ያልተገኙትን ዝርዝር አይተው፣ ከኮሚቴው ያልተሰረዘ የቀረ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ አገኙ። እርሳቸውም አቶ አጽብሐ ናቸው። ስብሰባውን ቀጥለው እንዲመሩ ሐሳብ ቀረበ። ያለ ፈቃድ ስለቀሩ አልተቻለም።

«ታዲያ ማን ይቀብረናል?» አሉ አቶ ፈቀደ። ድምፃቸው እንደ ከሳሽ አልነበረም። አባታቸው ከአገር ቤት ለሕክምና መጥተው እርሳቸው ቤት እንደተኙ፣ ሐኪሙም ፊቱን እንዳላሳመረላቸው ያን ጊዜ ነገሩን። ሰብሳቢው የታሸገ ጣታቸውን እያዩ የራሳቸውን ዕድሜ አነሡ። ሐጂ ኑሪ መቁጠሪያቸውን ያዙ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ወ/ሮ ሰገነት ዞሩ። እርሳቸው ቅርፊቶቹን ሰብስበው በሳፋው ያለቀልቁ ነበር፤ ቀና ብለው ማንንም አላዩም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከፊቱ ጎን ጀምሮ እስከ ባርኔጣው ተሽሯል። ከምጽዋ ምንም አልመጣም። ከመጣም አልታየም። ከታየም ድንጋይ ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ አይታረድም፣ አይበላም፣ አይወጋም። በሰብሳቢው ጣት ያለው የጽጌረዳ እሾህ ነው። ወ/ሮ ሰገነት ቀድሞም አባል ነበሩ፣ አሁንም ናቸው። አቶ ፈቀደ የተናገሩትን እንዳልተናገሩ፣ አቶ በርሄ የሚያውቁትን እንዳያውቁ ተደርጓል። ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ እንዲያቃጥል ታዟል፤ ሊረሳው ይችላልና ትእዛዙን እዚሁ ጽፎታል።

ወ/ሮ ሰገነት ከቅርፊቶቹ አንዱን አጥበው፣ እሾሁን አራግፈው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። እሾሁ ሲረግፍ ውብ ነገር ነው፤ በነጠብጣብ የተሠሩ አምስት መስመሮች ከላይ እስከ ታች ይወርዱበታል። ሰብሳቢው ውሳኔውን ጠቅሰው እንዲነሣ ጠየቁ። ወ/ሮ ሰገነት «ድንጋይ ነው ብላችሁ የለ?» አሉ። እዚያው ቀረ። ፊት ስለሌለው ከየትኛውም ወንበር ቢቀመጡ ወደ እርስዎ የሚያይ ይመስላል።

ስብሰባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊዘጋ ሲል ከላይ በኃይል ተመታ። ወ/ሮ ሰገነት ሮጠው ወጡ። የአንዳችንም እግር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ሁላችንም የፈራነው አንድ ነገር ነበርና። ተመልሰው ሲወርዱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ግን ሊስቅ ይታገላል። እናታቸው በጣውላው ሁሉንም ሲሰሙ እንደዋሉ ተናግረው፣ የላኩት ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ጠየቁ።

የእማማ ወይንሸት ቃል፦ «የሚሸከሙኝ እነዚህ ከሆኑ፣ ሞቴን ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ በያቸው።»

ሐሳቡ ድምፅ ተሰጥቶበት በሙሉ ድምፅ አልፏል። ከዛሬው ውሳኔዎች ያልተሻረው ይህ ብቻ ነው።

ካሳዬ
ጸሐፊ